አሥራ አንደኛው ጣቢያ

ሠንጠረዡ ከደማስቆ በፖስታ የደረሰው በመስከረም የመጀመሪያው ማክሰኞ ነበር። ኢንሳፍ ፖስታውን እዚያው ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ቆማ ቀደደችው። ጣቷን በረድፎቹ ላይ እያንሸራተተች ወረደች። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት። የተሳሳተች መስሏት ከላይ ጀመረች። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት።

አሥራ አንድ የለም።

ከታች ፊርማው አለ። የሙንዚር ፊርማ ነው። ዓመት ሙሉ በየደብዳቤው መጨረሻ ላይ ስትፈልገው የኖረችው፣ ባየችው ቁጥር ልቧን ድንግጥ የሚያደርጋት ያ ፊርማ አሁን ባዶ ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ድንጋይ መሰላት።

ኢንሳፍ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ናት፤ አሌፖ ከላሳ ሰፈር ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ እዚያው በክሊኒኩ መዝገብ ቤት የምትሠራ። በግራ ጉንጯ ላይ ሳንቲም የሚያህል ጎድጎድ ያለ ጠባሳ አለ። አሌፖ ውስጥ ይህ ማንንም ሴት ከማንም አይለይም። ቁንጭር ያልነካው ሰው ከተገኘ ወይ እንግዳ ነው ወይ ውሸታም ነው ይባላል። መጥቶ ዓመት ተቀምጦ ምልክቱን ትቶ ስለሚሄድ "የዓመት ቁስል" ይሉታል። የምታመጣው ደግሞ ከትንኝ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ናት።

ከሁለት ዓመት በፊት ሙንዚር አንድ ጀሪካን የጉሎ ዘይትና አንድ እቅፍ ወረቀት ይዞ ሰፈሩን ሲረግጥ ያልሳቀበት አልነበረም። "ዶክተር፣ ሆዱ የደረቀበት ማን ነው?" ይሉት ነበር። እሱ ግን ሰው የሚያክም ሳይሆን ነፍሳት የሚያጠና ዶክተር ነው። ዘይት የጠጣውን ወረቀት ማታ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ጠዋት የተጣበቁትን ዝንቦች ይቆጥራል። በየትኛው ወር ስንት፣ በየትኛው ሰፈር የትኛው ዓይነት። ክሊኒኩ ኢንሳፍን ረዳት አድርጎ ሰጠው።

"ቁንጭር ያለበትን ቤት ያሳዩኛል?" አላት በመጀመሪያው ቀን።

"የሌለበትን ቢፈልጉ ቶሎ ይጨርሳሉ" አለችው።

ሳቀና እጅጌውን ሰብስቦ አንጓው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳያት። የሻህባ ሰፈር ሀብታም ልጅ፣ የሚስካዊ ሳሙና ቤት ወራሽ፣ ልክ እንደ እሷ የተነከሰ። ኢንሳፍ ያን ዕለት ማታ ያለ ምክንያት መስታወት ፊት ቆየች።

እሱ ወደ ደማስቆ ቤተ ሙከራው ሲመለስ ሥራው በእሷ ላይ ቀረ። በየሁለት ሳምንቱ ሃያ ጣቢያ ላይ ወረቀት ትሰቅላለች፤ ዝንቦቹን በቀጭን ብሩሽ እየለቀመች አልኮል ባለባቸው ትንንሽ ጠርሙሶች ትከታለች፤ ሣጥኑን በአውቶቡስ ትልካለች። ከጠርሙሶቹ ጋር ደብዳቤ ይሄዳል፣ ደብዳቤ ይመጣል። መጀመሪያ "ክብርት ወይዘሪት፣ ናሙናው ደርሶኛል" ነበር። ቀጥሎ "ከአራተኛው ጣቢያ ሃምሳ ሁለት ሴቶችና ሦስት ወንዶች መጥተዋል፤ ወንዶቹ አፍረው ጥግ ይዘዋል" ሆነ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ግን አንድ መስመር ብቻ የያዘ ወረቀት ደረሳት፦ "እርስዎ ማለት ደከመኝ፤ አንቺ ልበልሽ?" ያንን ወረቀት ሳምንት ሙሉ በቦርሳዋ ይዛ ዞረች።

በሰኔ፣ ዝንቡ በሚበዛበት ሰሞን፣ እሱ ራሱ መጣ። አሥራ አንደኛው ጣቢያ የሚስካዊ ሳሙና ቤት የድሮ ጓሮ ግድግዳ ነው። ድሮ በቅሎ ይታሰርበት የነበረው ጓሮ አሁን ከዘይት ጭመቃ የተረፈ የወይራ አተላ፣ ፍርስራሽና ጥራጊ እስከ ግድግዳው ጫፍ ተቆልሎበታል። አብረው ቆጠሩ። ከሌሎቹ ጣቢያዎች የበዛው ስድሳ ነበር፤ ከአሥራ አንድ የወጣው አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ያውም አብዛኛው የሰፈሩን ቁንጭር የምታስተላልፈው ዓይነት።

ሙንዚር ፊቱ አመድ መሰለ። "ይሄ የኛ ግድግዳ ነው" አለ።

"ነው" አለችው።

"እናገራለሁ። የመስከረሙ ቆጠራ ሲያልቅ ደግሞ ሽማግሌ ወደ አባትሽ ቤት እልካለሁ። ሁለቱንም።"

እነሆ መስከረም መጣ። አንደኛው ቃል ፈርሷል፤ ሁለተኛውም የሚፈጸም አይመስልም። ኢንሳፍ ሠንጠረዡን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው፣ ያቺ ሳምንት ሙሉ ይዛት የዞረችው ወረቀት ዛሬም እዚያው ቦርሳ ውስጥ መኖሯ ይበልጥ አንገበገባት።

*

በዚያ ሰሞን በየሰገነቱ ቀይ በርበሬ ይሰጣል። ኢንሳፍና ታናሿ ፊዳ በርበሬውን እየሰነጠቁ ፍሬውን ያራግፋሉ። ፊዳ ሃያ ዓመቷ ነው፤ የአፍንጫዋ ጫፍ ቁንጭር ይዞት በፋሻ ተጠቅልሏል።

"በርበሬው ምን አደረገሽ? ቀስ ብለሽ ግደዪው እንጂ" አለች ፊዳ።

"ሥራሽን ሥሪ።"

"አማቶችሽ ናቸው እኮ ከጓሯቸው ይቺን ጌጥ የላኩልኝ" አለች ፋሻዋን እየነካካች። "ሌላው ለሙሽራ እህት ወርቅ ይልካል።"

"ዝም በይ ፊዳ።"

"እኔስ ዝም እላለሁ፣ መርፌው ነው ዝም የማይለው። አፍንጫ ላይ መውጋት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዓይኔ በጆሮዬ የሚወጣ ነው የሚመስለኝ። ስድስት ተወግቻለሁ፤ ዶክተሩ ደግሞ 'ገና እናያለን' ይላል። ምኑን ነው የሚያየው?" ከዚያ ድንገት ቀልዷን ተወች። "ኢንሳፍ፣ እህቴ፣ ሰውየው ሸጦሻል።"

ኢንሳፍ ተነሳች። ወደ ክፍሏ ወርዳ፣ በርበሬ በነካው እጇ ዓይኗን ጠርጋ፣ ሲያቃጥላት በዚያው አለቀሰች። ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ቀደደች። አራተኛው እንዲህ ወጣ፦

"ክቡር ዶክተር ሙንዚር ሚስካዊ፤ የላኩት ሠንጠረዥ ደርሶኛል። ሃያ ጣቢያ ሰቅዬ አሥራ ዘጠኝ ተመለሰልኝ። የጎደለው በመንገድ ጠፍቶ እንደሆነ ይጻፉልኝ። ጠፍቶ ካልሆነ ግን አይጻፉልኝ።"

ከሣጥኑ ጋር ላከችው። ከዚያ መልስ ጠበቀች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። አይጻፉልኝ ብላ በገዛ እጇ ጽፋ፣ የደማስቆ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ዓይኗ ወደ በሩ ሲሮጥ፣ በራሷ ከመናደዷ የተነሳ የመዝገቡን ስም ሁሉ ታበላሽ ጀመር።

*

በአውቶቡሱ ፋንታ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጥቁር መኪና ክሊኒኩ በር ላይ ቆመ። የወረደችው የሙንዚር እናት፣ ወይዘሮ ሰኒያ ነበረች። ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳይጠየቁ መንገድ ለቀቁላት። በሪባን የታሰረ፣ ፉስቱቅ የሚሉት ለውዝ ያለበት ጣፋጭ ይዛ ነበር፤ መዝገቡ ላይ አስቀመጠችው።

"ኢንሳፍ አንቺ ነሽ፣ ልጄ?"

"አዎ እትዬ። ይቀመጡ።"

"አልቆይም።" ወይዘሮ ሰኒያ ጓንቷን አወለቀች። ድምጿ ለስላሳ ነው። "ልጄ ሆደ ቡቡ ነው። ያየውን ሁሉ ያዝንለታል።"

"እኔ ነኝ የሚታዘንልኝ?"

"እንደሱ አልወጣኝም። ጨዋ ልጅ መሆንሽን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነው በሰው አፍ ከምትሰሚ ከእኔ ስሚው ያልኩት። ያንን ቁጥር ከሠንጠረዡ ይውጣ ሲባል ፈርሟል። ማንም እጁን አልያዘውም። ወንድ ልጅ አንዴ ቤቱን ከመረጠ መረጠ ነው። ዕድሜሽን በአውቶቡስ ሣጥን አትጨርሺው።"

ኢንሳፍ ልትመልስ የምትችለው ነገር ብዙ ነበር። ስለ ፊዳ አፍንጫ፣ ስለ ጓሮው፣ በሰኔ ግድግዳው ሥር ስለተገባላት ቃል። በዚያ ፈንታ እሽጉን ወደ ወይዘሮ ሰኒያ መልሳ ገፋችው።

"ጣፋጩን ይውሰዱት" አለች በመጨረሻ። "እህቴ አፍንጫዋ ታሟል፣ ማሽተት አትችልም። እኔም ዛሬ ጣፋጭ አላሰኘኝም።"

ወይዘሮ ሰኒያ ለመሄድ ስትዞር ዓይኗ የኢንሳፍ ጉንጭ ላይ አረፈ። እጇ ሳታውቀው ወደ ራሷ አገጭ ሄደ፤ እዚያ፣ ከወፍራሙ ፓውደር ሥር፣ የራሷ ጎድጓዳ ጠባሳ አለ። በዚያች ቅጽበት አሮጊቷ አሳዘነቻት። ኢንሳፍን ያበሳጫት ይሄ ነው፤ ሴትየዋን ከልቧ እንኳ መጥላት አቃታት።

*

የመስከረሙ ቆጠራ ሳይጠናቀቅ ሊቀር ሆነ። ሌላው ሁሉ አልቆ አሥራ አንድ ብቻ ቀረ። የጓሮው ዘበኛ አቡ ዘኩር በሩ ላይ ተገትሮ፣ "ኢንሳፍ ልጄ፣ እንጀራዬን አታስዘጊኝ። ትእዛዝ ነው" አላት። እሷም በውጭ በኩል ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ጠዋት ስትመጣ ወረቀቱ ተቀዶ መሬት ላይ ነበር። ደግማ ሰቀለች፤ ደግሞ ተቀደደ። ሦስተኛ ጊዜ ሰቅላ ጎህ ሲቀድ ስትመጣ፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ወረቀቶቿን ከግድግዳው ላይ ያወርዳል።

"ለካ አንተ ነህ የምትቀድደው!" አለች ከሩቁ።

ሙንዚር ዞረ። ጺሙ አድጓል፤ ሸሚዙ ሌሊቱን በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሸሚዝ ነው። ወረቀቶቹን በሙሉ በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ታቅፏል። "የአባቴ ሰዎች ሊቀድዱት ሲመጡ ደረስኩ" አለ። "አንዱም አልተነካም።"

"ለምን አልጻፍክም?"

"አትጻፍ አልሽኛ! ጠፍቶ ካልሆነ አትጻፍ አልሽኝ። አልጠፋም። እያወቅኩ ነው የፈረምኩት። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?"

ኢንሳፍ አንድ እርምጃ ቀረበችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተቃጠለችው በዚህ ነው? "አትጻፍ ስልህ ትሰማለህ" አለች፤ "አሥራ አንድን ጻፍ ሲባል ግን አትሰማም!"

"አለቃዬ ሠንጠረዡን ፊቴ ዘረጋው። ወይ ያለ አሥራ አንድ ይታተማል፣ ወይ ጭራሽ አይታተምም፣ አንድም ቤት መድኃኒት አይረጭም አለኝ። ከአባቴ ጋር እንደተነጋገሩ ገብቶኛል። አባቴ ደግሞ ጓሮውን በራሴ ወጪ አስጠርገዋለሁ ብሎ ቃል ሰጠኝ። አሥራ ዘጠኙ ይረጫል፣ አሥራ አንደኛው ይጠረጋል፣ ማንም ሳይዋረድ ያልፋል ብዬ አሰብኩ።"

"ማንም ሳይዋረድ? የፊዳን አፍንጫ አይተኸዋል?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያው ስለ ውርደት አታውራኝ።"

ሙንዚር አንገቱን ደፋ። "ምን ላድርግ? ንገሪኝ ኢንሳፍ። ያልሽኝን አደርጋለሁ።"

"ይኼ ነው እኮ የሚያሳብደኝ! አለቃህ ሲነግርህ ታደርጋለህ፣ አባትህ ሲነግርህ ታደርጋለህ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልንገርህ? አንተ ራስህ የት ነህ? ለማን ነው እኔ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የጻፍኩት?"

ሙንዚር አንድ ፍርስራሽ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መቁጠር ጀመረ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት..." ኢንሳፍ እጆቿን አጣምራ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆመች። ልትሄድ ነበር። እውነትም እግሯን አንስታ ነበር።

"አርባ ስድስት፣ አርባ ሰባት..."

"ሁለቱን ዘለልካቸው" አለች ሳታስበው። "ጥጉ ላይ ያሉትን።"

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ የነበረውን ነገር ላለማየት ስትል ብሩሹን ከቦርሳዋ አውጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ክርናቸው ሲነካካ እሷ ሸሸት አለች፤ ቆይቶ ደግሞ መሸሹን ረሳችው። ፀሐይ ግድግዳው ላይ ስትወጣ ጨረሱ። አራት መቶ ሠላሳ ሰባት። ሙንዚር የታተመውን ሠንጠረዥ ከኪሱ አወጣ፤ በአሥርና በአሥራ ሁለት መካከል በባለቀለም እስክርቢቶ ቁጥሩን ጻፈ፤ አጠገቡ ፈረመ። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ አባቱ ቢሮ መንገድ ጀመረ።

ኢንሳፍ ተከተለችው። ይቅር ብላው አልነበረም። ግን ያንን ጀርባ እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይታው አታውቅም፤ ዓይኗን ልትነቅልበት አልቻለችም።

*

የሳሙና ቤቱ ቢሮ ለሳሙናው የሚጨመረው የዳፍኔ ዛፍ ዘይት ይሸታል። የሙንዚር አባት ሐጂ ወጂህ ወረቀቱን አንብበው በጠረጴዛው ላይ ወደ ልጃቸው ገፉት። ለኢንሳፍ ወንበር ያቀረበላት የለም።

"ሰው ፊቱን የሚታጠብበትን ሳሙና የቁንጭር እናት ናት ልታስብልብኝ ነው?"

"ሳሙናው አይደለም አባባ፣ ጓሮው ነው።"

"ገበያ ሳሙናና ጓሮ አይለይም! ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን ስም በዝንብ ታስበላዋለህ? ያውም ይቺ ልጅ..."

"ሐጂ" አለች ኢንሳፍ። ድምጿ ለራሷም ጎልቶ ተሰማት። "እኔ ሰው ሆኜ ካልታየሁዎት ቁጥሩን ይዩት። አራት መቶ ሠላሳ ሰባት ነው። ከጓሮዎ ወጥቶ የሚያድረው የእኔ እህት አልጋ ላይ ነው። ጓሮውን አስጠርጋለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር።"

አዛውንቱ ሊመልሱላት እንኳ አልፈለጉም። "ወረቀቱን እዚሁ ተወው" አሉት ልጃቸውን። "ይዘኸው ከወጣህ የመኪናውን ቁልፍም፣ የቤቱንም፣ አስቀምጠህ ውጣ።"

ሙንዚር ሁለቱን ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እጁ ቁልፎቹ ላይ ትንሽ ዘገየ፤ ኢንሳፍ ያቺን መዘግየት አየች። ከዚያ ወረቀቱን አንስቶ ወጣ። ኢንሳፍ ተከትላው ወጣች። ድል መስሏት ነበር፤ ለምን እንዲህ ሆዷ ባባ?

*

ድልም አልነበረም። ቤተ ሙከራው ሙንዚርን በደብዳቤ አሰናበተው። እሱ ከአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍለ ጊዜ አግኝቶ ጠባብ ክፍል ተከራየ። የከተማው ምክር ቤት ቀጠሮ ሰጣቸው፤ ሹሙ ጉዞ ላይ ነው ተብሎ ተላለፈ። ሌላ ተሰጠ፤ በዓል ሆነ። ሌላ ተሰጠ፤ ፋይሉ ጠፋ። በየሳምንቱ አብረው እየሄዱ አብረው ሲመለሱ፣ የሚያወሩት ስለ ማመልከቻ ብቻ ነበር። ሌላውን ነገር ሁለቱም ፈሩት። የፊዳ አፍንጫ ቀስ በቀስ ደረቀ፤ ጫፉ ግን ጎደለ። ፊዳ ራሷ "አይጥ የቀመሰው አይብ መስሏል" አለች፤ ሳቀችና ክፍሏን ዘጋች።

ሹሙ የተገኙት በኅዳር መጨረሻ፣ ዝናብ መስኮቱን በሚደበድብበት ቀን ነበር። ወረቀቱን አገላበጡት።

"ታዲያ ዝንቡ የታለ?" አሉ።

"በብርድ የለም፣ ጌታዬ" አለ ሙንዚር። "በሚያዝያ ብቅ ይላል፣ በሰኔ ይበዛል፣ በመስከረም ይብሳል። አሁን ትሉ አተላው ውስጥ ተኝቷል። ጓሮው መጠረግ ያለበት ልክ አሁን ነው።"

"ማለት አሁን የለም።"

"አለ! አይበርም እንጂ።"

"ልጄ፣ ባልበረረ ዝንብ ላይ ምን ውሳኔ ልስጥ? በሰኔ ኑ።"

"በሰኔ ስንመጣ ደግሞ ረፍዷል ይሉናል" አለች ኢንሳፍ።

ሹሙ ፈገግ ብለው ደወሉን ተጫኑት።

ደረጃው ላይ ኢንሳፍ ቆመች። ጮክ ብላ መጮህ፣ የሆነ ነገር መስበር አማራት፤ የሚሰበር ነገር ግን አልነበረም። ግድግዳውን በቦርሳዋ መታችው። ሙንዚር ከበላይዋ ሁለት ደረጃ ላይ ቆሞ፣ ፀጉሩ ረጥቦ፣ "አግቢኝ" አላት።

"ምን አልክ?"

"አግቢኝ። ቤት የለኝም፣ መኪና የለኝም፣ ሽማግሌ የሚሆነኝ አባት የለኝም፣ ቁጥሬንም የሚያነብልኝ የለም። ማንም አልነገረኝም። ራሴ ነኝ የምጠይቅሽ።"

"አሁን? እዚህ? ደረጃ ላይ?"

"ከዚህ የተሻለ ጊዜ ስጠብቅ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው።"

ኢንሳፍ አየችው። ልቧ እንዲህ ሲመታ መስማቱ አይቀርም ብላ ፈራች። "ተናድጃለሁ" አለችው። "በሹሙ፣ በአባትህ፣ በአንተም ጭምር። በአንተ ላይ ያለኝ ገና አላለቀም። ተናድጄ እሺ አልልም።"

"እሺ።"

"እሺ አትበለኝ! ነገ ና። አባቴ ከሰዓት ቤት ነው። በበሩ ግባና እሱን ጠይቅ።"

"ብቻዬን? ሰፈሩ ይስቅብኛል።"

"ድሮም ስቆብህ ነው የተቀበለህ። ይሳቅ።"

መልሱን ሳትጠብቅ ወረደች። ዝናቡ ውስጥ ገባች፤ የአውቶቡስ ፌርማታውን አልፋ ሄደች፣ ሁለተኛውንም አለፈችው። ሹሙን በልቧ ትሰድባለች፤ ሐጂውን ትሰድባለች፤ ሙንዚርንም እንዲሁ፤ ንዴቷ ከሌላው ቀን ይልቅ ዛሬ ትኩስ ነው። እግሯ ግን ራሱን ችሎ ይፈጥናል። ከንዴቱ ሥር ሌላ ነገር እየፈላ ነበር። ደስታ መሆኑን ከላሳ ልትደርስ ስትል አወቀችው፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሁሉ ግፍ መሐል፣ ደስታው ሳያስፈቅዳት መምጣቱ ራሱ አናደዳት።